ዛፎቹ ሲራቆቱ፦ በዋሽንግተን ዙሪያ በብርዱ ወራት ከቤተሰብ ጋር በእግር ስለ መውጣት

(በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከቀረበ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወላጆች፤ ከመካከላችሁ ከሌሊት ሥራ ወጥታችሁ፣ እንቅልፍ ሳትጠግቡ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና ስለ መገኘታችሁ አስቀድሜ ከልብ አመሰግናለሁ። የምናገረው ስለ አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት የብርድ ወራት በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ያህል፣ ቤተሰብን ይዞ በእግር ስለ መውጣት። በበጋው በየመናፈሻው ሥጋ ስንጠብስ፣ ልጆቻችንም ኳስ ሲያባርሩ የምንታይ ሰዎች፣ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ በተመለሰ ማግስት በራችንን ዘግተን እስከ ፋሲካ አንታይም። አምስት ወር ማለት ነው። ልጅ በወላጁ እጅ የሚቆይበት ዘመን አጭር በመሆኑ፣ ከየዓመቱ አምስት ወር ሲቀነስለት የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ እያንዳንዳችን ልናሰላው እንችላለን።

ከቤት የምንከትበት አንዱ ምክንያት በቃላችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የዚህን አገር ብርድ «ክረምት» ብለን ጠራነው። ክረምት በአገራችን ዝናብ ነው፤ ወንዝ ሞልቶ ዘመድ ከዘመድ የማይጠያየቅበት፣ መንገድ ጭቃ የሚሆንበት፣ ሰው እሳት ዳር ተቀምጦ መስከረም እስኪጠባ የሚጠብቅበት ወቅት ነው። ስሙን ወደዚህ ስናመጣ ልማዱንም አብረን አመጣነው። የዋሽንግተን አካባቢ ታኅሣሥና ጥር ግን ከዚያ ጋር አይመሳሰልም፤ ብዙው ቀን ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ በጥር ወር የቀኑ ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በላይ፣ በሴልሺየስ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይደርሳል። ጥር በአገራችን የሠርግና የጥምቀት ወር መሆኑን ካስታወስን፣ እዚህም ቢሆን የመውጫ ወር እንጂ የመክተቻ ወር ሊሆን አይገባውም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከበድ ይላል። በዚህ አዳራሽ ካለነው ወላጆች ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ለመድረስ፣ ውኃ ለመቅዳት፣ ገበያ ለመውጣት ረጅም መንገድ በእግራችን የሄድን ነን። መሄድ ለእኛ ድካም ነበር፤ መኪና መግዛት ደግሞ ከዚያ ድካም ማረፍ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ቅዳሜ ጠዋት በብርድ፣ ያለ ጉዳይ፣ ጫካ ለጫካ እንሂድ» ሲለን ነገሩ እንግዳ ቢሆንብን አይፈረድብንም። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ እናቴ ናት።

እናቴ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ልጆቼን ለማየት የመጣችው በኅዳር ወር ነበር። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ሥራ ላይ ስለነበርን ቀኑን ሙሉ በአፓርታማው ውስጥ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱም ወደየስልካቸው ይገባሉ። በዚህ ሁኔታ ስድስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ቀን በመስኮት እያየች «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ። ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ከቤቱ ሰው ሁሉ ብርድን አብልጣ የምታውቀው እርሷ ነበረች፤ ማለዳ መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት አገር ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። እኛ ግን «ይበርድሻል» እያልን ቤት ውስጥ አስቀመጥናት። ብርቱ ወላጆቻችንን ከአገር አምጥተን በፍቅር ስም እስረኛ ማድረጋችን በብዙ ቤት ያለ ነገር ስለሆነ ሳልናገረው ማለፍ አልፈለግሁም።

በዚያው ቅዳሜ ሁላችንም ወደ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ወረድን። የሄድንበት የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ መንገድ ይባላል። ይህ ቦይ ሐምሌ 4 ቀን 1828 እ.ኤ.አ. መቆፈር የተጀመረ፣ ከጆርጅታውን ተነሥቶ በሜሪላንድ ኩምበርላንድ እስከሚባል ከተማ 184 ተኩል ማይል የሚዘልቅ የጀልባ መንገድ ነው። ኩምበርላንድ የደረሰው በ1850 ነበር፤ እስከ 1924 ድረስም በተለይ የድንጋይ ከሰል ይጓጓዝበት ነበር። ጀልባዎቹን ይስቡ የነበሩት በቅሎዎች ናቸው። ዛሬ የምንሄድበት ሜዳማ መንገድ ያኔ በቅሎዎቹ ገመድ እየጎተቱ ይረግጡት የነበረው ነው፤ አቀበት የሌለውና ሽማግሌም ሕፃንም የሚችለው ለዚህ ነው።

ልጄ ይህን ከመንገድ ዳር ሰሌዳ በእንግሊዝኛ አንብባ ለአያቷ በተሰባበረ አማርኛ ስትነግራት፣ እናቴ ቆመች። «በቅሎ? በቅሎ እዚህም ነበረች?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ አፏ አልተዘጋም። በቅሎ ለምን እንደማትወልድ፣ ኮርቻዋ እንዴት እንደሚጫን፣ በሠርጓ ቀን የተቀመጠችበት በቅሎ ምን ዓይነት እንደነበረች ነገረቻት፤ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚለውንም ተረት አስከትላ ትርጉሙን አስረዳቻት። ልጄ በዚያ ዘመን የጀልባ ቤተሰቦች ውስጥ በቅሎዎቹን እየነዱ በእግር የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ልጆች እንደነበሩ ስታነብላት ደግሞ እናቴ «እንግዲህ ሥራው ያው ነው» አለቻት። አያትና የልጅ ልጅ በስድስት ሳምንት ቤት ውስጥ ያልተነጋገሩትን በአንድ ማለዳ ተነጋገሩ።

ለምን እንደዚያ ሆነ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ቤት ውስጥ ከልጅ ጋር ስንነጋገር ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው፤ ለልጁ ጥያቄና ምርመራ ይመስለዋል። በመንገድ ላይ ግን ጎን ለጎን ነን፤ ዝም ብንል አያስጨንቅም፣ አንድ ወፍ ብትበር ወሬው ይቀየራል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለው ወንድ ልጄ ስለ ትምህርት ቤቱ ችግር የነገረኝ በዚያ መንገድ ላይ ነው፤ ዓይኔን ሳያይ፣ በዱላ መሬቱን እየጫረ። ቋንቋም እንደዚሁ ነው። ልጆቻችን የሚያውቁት አማርኛ የወጥ ቤትና የትእዛዝ አማርኛ ነው፤ «ብላ»፣ «ተነሣ»፣ «ዝጋው» የሚለው። በብርድ ውስጥ ሲሄዱ ግን ውርጭ፣ አመዳይ፣ ቁር፣ ቆፈን የሚሉትን ቃላት በሰውነታቸው ይማራሉ። ልጄ ጓንቷን ረስታ ጣቶቿ አልታዘዝ ሲሏት እናቴ እጆቿን በጉያዋ ይዛ «ይሄ ቆፈን ይባላል» ያለቻትን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

የዚህ መንገድ መኖር ራሱ የሚራመዱ ሰዎችን የምናመሰግንበት ነገር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቦዩን የመኪና መንገድ ለማድረግ ዕቅድ ነበረ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ኦ. ዳግላስ ዕቅዱን የደገፉትን የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ አዘጋጆች አብረውት በእግር እንዲጓዙ ጋበዘና በመጋቢት 1954 ከኩምበርላንድ ተነሥተው ወደ ዋሽንግተን ጉዞ ጀመሩ። ሙሉውን መንገድ የጨረሱት 9 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ነገር ግን ጉዞው የሕዝቡን አስተያየት ቀየረው፤ በ1971 ቦዩ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

አሁን ወደ ጤናው ጉዳይ ልለፍ፤ በዚህ ላይ ማስተካከል የምፈልገው አንድ አስተሳሰብ አለ። ብዙዎቻችን «ለቫይታሚን ዲ ፀሐይ መሞቅ ያስፈልጋል» እንባላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ኬክሮስ ላይ የታኅሣሥና የጥር ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ቫይታሚኑን የሚያስገኘው ጨረር በጣም ደካማ ነው፤ ቆዳችን ጠቆር ያለ በመሆኑ ደግሞ የበለጠ ጨረር ያስፈልገናል፤ ገላችንም በልብስ የተሸፈነ ነው። ስለዚህ በብርዱ ወራት መራመድ የቫይታሚን ዲን ጉዳይ አይፈታም፤ እርሱን ሐኪማችሁን ጠይቁ። መራመድ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው።

በ1970ዎቹ ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የመጣ ኖርማን ሮዘንታል የሚባል ሐኪም፣ ቀኑ ሲያጥር ጉልበቱና ስሜቱ እንደሚወርድ፣ ጸደይ ሲመጣ እንደሚመለስለት በራሱ ላይ አስተዋለ። ከዚያም ከዚህ ጥቂት ማይል በምትርቀው በቤተስዳ፣ በብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጉዳዩን አጠና፤ በ1984ም ወቅትን ጠብቆ የሚመጣውን የድብርት ሕመም በሳይንሳዊ ጽሑፍ ገለጸው። ይህን ታሪክ የማነሣው ፀሐይ ከማይጠፋበት አገር የመጣ ስደተኛ ያስተዋለው ነገር ስለሆነ ነው። እኛም የመጣነው ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል ከሚችልበት አገር ነው። እዚህ በታኅሣሥ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 4:45 አካባቢ፣ እኛ በለመድነው አቆጣጠር 10:45 ላይ ነው። ጨለማ ወጥቶ ጨለማ የሚገባ ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ብርሃን ሳያይ ሊሰነብት ይችላል። የሳሎናችን መብራት በብርሃን መለኪያ ጥቂት መቶ ሉክስ ቢሰጥ ነው፤ ደመናማ በሆነ የጥር ቀን እንኳ ደጁ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰውነት ቀንና ሌሊቱን የሚለየው በዚህ ብርሃን ነው። የከፋ ድብርት ያለበት ሰው ሕክምና ሊያገኝ ይገባል፤ የእግር ጉዞ የሕክምና ምትክ አይደለም፤ ነገር ግን ለሁላችንም ሳምንቱን ያቀለዋል።

ስለ ልብስ ብዙ ልናገር ነው፤ ምክንያቱም ሙከራችን የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ የከሸፈው በዚህ ነበር። ከእናቴ መምጣት ዓመታት በፊት ሴት ልጄን ጂንስ ሱሪና የጥጥ ካልሲ አልብሼ ወደ ሮክ ክሪክ ወሰድኋት፤ አንድ እግሯ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ መኪናው ጋ እስክንደርስ ሠላሳ ደቂቃ አለቀሰች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ «በእግር እንሂድ» ስላት ትደበቅ ነበር።

ጥጥ ውኃ ሲነካው ወይም በላብ ሲርስ ውኃውን ይዞ ይቀራል፤ ሙቀትን ከሰውነት ይስባል። ጂንስ፣ የጥጥ ካናቴራ፣ የጥጥ ካልሲ፣ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። የምንወደው ጋቢያችንም ጥጥ ነው፤ በደረቁ የሚያህለው የለም፣ ከረጠበ ግን ሸክም ነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የመንዝ ሰው ብርድና ካፊያ በማይለየው አምባ ላይ በርኖስና ባና የሚለብሰው ከበግ ጠጉር የተሠራ ስለሆነ ነው፤ ጠጉር ቢረጥብም ሙቀት የመያዝ አቅሙን በሙሉ አያጣም። ስለዚህ ከሰውነት ጋር የሚገናኘው ልብስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ በላዩ ሹራብ ወይም ፍሊስ ይደረብ፤ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት ይሁን። ሦስት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይሻላል፤ አቀበት ላይ ሲሞቅ አንዱን ማውለቅ፣ ስንቆም መልሶ መልበስ ይቻላልና። ይህ ሁሉ አዲስ መገዛት የለበትም፤ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡባቸው መደብሮች የልጅ ጃኬትና የሱፍ ሹራብ በጥቂት ዶላር ይገኛል።

ነፋሱንም አትናቁት። ቴርሞሜትሩ 30 ዲግሪ ፋራናይት እያሳየ በሰዓት 15 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ ባልተሸፈነ ቆዳ ላይ የሚሰማው ብርድ የ19 ዲግሪ ያህል ነው። በጀርባ የታዘለ ሕፃን ደግሞ እናቱ እየሄደች ስትሞቅ እርሱ አይንቀሳቀስም፤ እናቱ ላብ ሲያሰምጣት ልጁ ሊቀዘቅዝ ይችላልና በየሃያ ደቂቃው አንገቱንና እጁን መዳሰስ ያስፈልጋል። ልጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ አነጋገሩ ከተጎተተ፣ ከተደናቀፈ ወይም ሲጫወት የነበረው ድንገት ዝም ካለ፣ ጉዞው አበቃ፤ እርጥብ ልብሱን መለወጥ፣ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ማጠጣትና መመለስ ነው። ብርዱ ሳይለቀው መንቀጥቀጡ ከቆመና ግራ ከተጋባ ወደ 911 መደወል ይገባል። ይህ አደጋ በረዶ በሌለበት፣ ዝናብና ነፋስ ባለበት ቀንም ይደርሳል።

ሰዓትን በተመለከተ አጭር ደንብ አለኝ፦ ፀሐይ ከምትጠልቅበት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወደ መኪና ፊትን ማዞር። በረዶ ከጣለ በኋላ ቀልጦ ሌሊት ተመልሶ የጋገረ መንገድ ከአዲስ በረዶ ይልቅ ያንሸራትታል፤ ማለዳ ላይ እንደ ብርጭቆ ጥርት ስለሚል ዓይን አያየውም። ሽማግሌ ይዞ የሚሄድ ሰው ጫማ ላይ የሚታሰረውን ጥርሳም ጎማ ይግዛላቸው። ቦዩና ኩሬው የበረዶ ግግር ቢለብስም ልጆች ፈጽሞ እንዳይረግጡት አስጠንቅቁ፤ በዚህ አካባቢ ብርዱ ስለሚመላለስ ግግሩ የሚታመን አይደለም። በአንዳንድ የግዛት ደኖች ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ የአጋዘን አደን ይፈቀዳል፤ ወደዚያ የሚሄድ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ይልበስ።

የት እንሂድ ለሚለው፣ ለጀማሪ ቤተሰብ የቦዩን መንገድ አስቀድማለሁ። በግሬት ፎልስ በኩል ለመኪና መግቢያ ይከፈላል፤ በካርደሮክ በኩል ግን ነፃ ነው። በግሬት ፎልስ አጠገብ ያለውን ቢሊ ጎት የተባለ የቋጥኝ መንገድ ትንንሽ ልጆችና ሽማግሌ ይዞ መሞከር አይገባም፤ በእጅ የሚወጣ ድንጋይ አለው። በከተማው ውስጥ ሮክ ክሪክ አለ፤ ኮንግረስ በ1890 ያቋቋመው ከ1,700 ኤከር በላይ የሆነ ጫካ ነው፤ ብዙዎቻችን በታክሲና በኡበር ስንሠራ በመካከሉ እናልፋለን እንጂ ወርደን አናየውም። የቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴት ከቨርጂኒያ በኩል በእግር ድልድይ ይገባል፤ መኪና ስለማይደርስበት ልጅ ቢሮጥ አያሳስብም። በአሌክሳንድሪያ አጠገብ ያለው ሃንትሊ ሜዶውስ ረግረግ ላይ የተዘረጋ የእንጨት መተላለፊያ አለው። ከፍ ከፍ ያሉ ልጆች ላሉት ደግሞ 1,282 ጫማ ከፍታ ያለው ሹገርሎፍ ተራራ አለ። በአገራችን እንጦጦ ላይ ለቆመ ሰው ይህ ኮረብታ ነው፤ ለልጆቹ ግን ተራራ ነው፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ያላቸውን ደስታ አታሳንሱባቸው።

በበጋ የማይታይ፣ ዛፎቹ ሲራቆቱ ብቻ የሚታይ ነገር ብዙ ነው። ወንዙ ከሩቅ ይታያል፤ የራሰ ነጩ ንስር ጎጆ በባዶው ቅርንጫፍ ላይ ይለያል፤ ትንኝና እባብ የለም። ቢች የሚባለው ዛፍ የደረቀ ቅጠሉን እስከ ጸደይ ሳይጥል ይቆያል፤ በነፋስ ሲንኮሻኮሽ ጫካው ውስጥ ሰው የሚመጣ ይመስላል። በወንዙ ዳር ቅርፊቱን ጥሎ አጥንት መስሎ የሚቆመው ነጭ ዛፍ ሲካሞር ነው፤ ዘኬዎስ ከወጣበት ሾላ ጋር በእንግሊዝኛ ስም ይመሳሰላሉ እንጂ በዘር አንድ አይደሉም፤ ልጆች በሰንበት ትምህርት ቤት የሰሙትን ይዘው ስለሚጠይቁ አስቀድማችሁ እወቁት። በየካቲት ደግሞ ረግራጋማ ቦታ ላይ ስካንክ ካቤጅ የሚባል ተክል ያብባል። ይህ ተክል አበባው ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ በዙሪያው ያለውን በረዶ አቅልጦ ይወጣል። ሽታው አያስደስትም፤ ልጆች ግን ጣታቸውን አስጠግተው ካዩት ለሳምንት ያወሩታል።

ስለ ምግብ የምለው ጥቂት ነው፤ ያለን ይበቃልና። በአገራችን አቆጣጠር ከኅዳር 15 ጀምሮ የገና ጾም ስለሆነ ብዙው ቤተሰብ የሚይዘው ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝና ኦቾሎኒ ነው፤ በሶ በጠርሙስ ውስጥ ተመትቶ ሲወጣ ደግሞ ከሚሸጡት የጉልበት መጠጦች አያንስም። በፔርሙስ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ሻይ ይያዝ። ልጆች የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ መንገዱን ሳይሆን ግንድ ላይ ተቀምጠው የጠጡትን ሻይ ነው።

አንድ እናት ከመጀመሪያው ንግግሬ በኋላ «እኔ ቅዳሜም እሑድም እሠራለሁ፣ ለእኔ የሚሆን ምን አለ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ጥያቄዋ ትክክል ነው። የዕረፍት ቀን ማለት ለብዙዎቻችን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ያን ቀን ትምህርት ቤት ናቸው። መፍትሔው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በየተራ ይዘው እንዲወጡ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በአገራችን ጎረቤት የጎረቤትን ልጅ ይዞ ገበያ ይሄድ እንደነበረው። እኔና ባለቤቴ ከሦስት ቤተሰቦች ጋር እንደዚሁ እናደርጋለን፤ አንዱ ቅዳሜ የእኛ ተራ ነው፣ ሌላው የእነርሱ። አያቶችም ይካተታሉ። እናቴ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ከጎረቤታችን የመጡ እማማ ቦታዋን ወስደዋል፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቦዩ ዳር ሁለት ማይል ሄደው ይመለሳሉ፤ ልጆቹንም በመንገድ ላይ ፊደል ይጠይቋቸዋል።

በመጪው ቅዳሜ ተራው የእኛ ነው። የአየሩ ትንበያ ደረቅ ቀን ይላል። ከጠዋቱ 9:30 በዚህ አገር ሰዓት፣ በካርደሮክ መኪና ማቆሚያ ላይ እንነሣለን፤ እኩለ ቀን ላይ እንመለሳለን። ትርፍ የልጅ ጓንትና ካልሲ በመኪናዬ ውስጥ ይኖራል፤ ሻዩንም እኔ አመጣለሁ። መምጣት የምትፈልጉ ስትወጡ በሩ አጠገብ ስንት ልጅ እንደምትይዙ ንገሩኝ።